ተበላሽቷል ያልኩት ዳቦ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ቄስ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ኃጢአት ስሰማ ኖሬ የራሴን አንዱን ግን ውጬው ነው ስቀድስ የኖርኩት። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለዛሬ የንስሐ አባት ሁኑኝና ስሙኝ።

ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች የማርያም ደብር ስመደብ ገና ጎልማሳ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ነቅሎ የሚመጣው ለዓመቱ ንግሥ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ከጥቂት አሮጊቶች በቀር የሚያስቀድስ የለም። ቅዳሴው ሲያልቅም ሁሉም የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ በጉሙ ውስጥ ወደየቤቱ ይበተናል። ጎረቤት ታሞ ሰንብቶ ሲነሣ እንኳ የሚያውቅለት አልነበረም። ይህ አንገበገበኝ። ቀስ በቀስ ለሳምንቱ መልክ አወጣሁለት። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶች ግቢውን ይጠርጋሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም አብሮ ሰንበቴ ይቀመጣል፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ እኔ ባርኬ እቆርሳለሁ። እዚያው ማን እንደቀረ እንጠያየቅና ረቡዕ የቀረውን ቤቱ ሄደን እናየዋለን። ሰው ወደደው። በድንበር የተጣሉ እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ ይታረቁ ጀመር።

ይህን ሁሉ ግን እኔ ብቻዬን አላቆምኩትም። አስካለ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ባሏ ብረት ቀጥቃጭ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቡዳ ነው ይሉታል። ማድጋውን ይገዙታል፣ ማረሻውን ያሠሩታል፣ ከእጁ ግን አይበሉም። አስካለ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድማ መጥረጊያዋን ይዛ ትደርሳለች። ሸክላ ልትሸጥ በየደጁ ስለምትዞር፣ ማን እንደታመመ፣ ማን አራስ እንደሆነች የምትነግረኝ እሷ ነበረች። ሰንበቴው ላይ ግን በሩ ጥግ ነው የምትቀመጠው። የሰው ዳቦ ትቀበላለች፤ ተራ አይሰጣትም።

አንድ እሑድ ሰው እስኪበተን ጠብቃ፣ «አባ፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ከዚያ ደግሞ በራሴ ደግነት ደስ አለኝና «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ አምጪ» አልኳት። መስቀሌን ተሳልማ እየተቻኮለች ሄደች፤ ለባሏ ልትነግረው ይመስለኛል።

እሑዱ ሲቃረብ የሰንበቴያችን አለቃ አያ ጥላሁን ቤቴ መጡ። አልተቆጡም። «አባ፣ እኔ ክፉ አልናገርም፤ ግን ሰው አይበላም። የሚቀረው ይበዛል። ስንት የደከሙበት ነገር በአንድ ቀን ይፈርሳል። እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አሉኝ። ምን መለስኩላቸው? ምንም። እሳቸውም ዝምታዬን እንደ እሺታ ይዘውት ወጡ።

ቀኑ ደረሰ። አስካለ ዳቦዋን በነጭ ነጠላ ሸፍና አመጣች። የስንዴ ዳቦ ነው፤ በእኛ ቀዬ ከገብስ ሌላ ስለማይበቅል ስንዴውን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ቆረስኩት። ለስላሳ፣ ገና ሞቅ ያለ፣ መልካም ሽታ ያለው ዳቦ ነበር። ቀና ስል ሰው ሁሉ እጁን ባናው ውስጥ ከቶ ያየኛል። ያን ጊዜ እኔ፣ መስቀል የያዝኩት እኔ፣ ቁራሹን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና «አስካለ፣ ይህ ተበላሽቷል። እርሾው ከፍቶበታል፤ ሰው ያሳምማል» አልኩ።

ሰዉ እፎይ ሲል ተሰማኝ። የአስካለ ፊት አመድ መሰለ። «ኧረ ይቅር በሉኝ! ምን ነካኝ!» እያለች ዳቦዋን ሰብስባ ሸፈነች። ወዲያው ከአያ ጥላሁን ቤት የተጋገረ ሌላ ዳቦ ገባ። ከበሩ ውጭ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ከቅዳሴ ስወጣ አይቼዋለሁ። ባረክሁት፣ ቆረስኩት፣ በላሁ።

ዋሸሁ። በእመቤቴ ደጅ፣ በእንጀራ ላይ ዋሸሁ። ለሰላም ብዬ ነው፣ ማኅበሩ እንዳይፈርስ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የማን ሰላም? አስካለ ከማኅበሩ አልነበረችም?

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ አላቋረጠችም፤ ሰንበቴው ሲጀመር ግን ትሄዳለች። ገብቷት ተቀይማኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አውቃ ዝም ማለቷም ተመቸኝ። ሰንበቴው አደገ፤ ከሌላ ደብር ሊማሩ መጡ። እኔም «አንድም ሰው እንዳይቀርባችሁ ጠይቁ» እያልኩ አስተማርኳቸው። ይህን ስል አፌ እንዴት አልተያዘም?

ባሏ ሲሞት መሐል ሜዳ ከተማ ልጇ ዘንድ ገባች። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ልጇ ደወለችልኝ። «እናቴ ደክማለች። ከእርስዎ በቀር ለማንም ንስሐ አልገባም ብላለች» አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ እየፈራሁ ሄድኩ፤ ዛሬ ፊት ለፊት ልትነግረኝ ነው ብዬ።

አስካለ ልጇን ከክፍሉ አስወጣች። «አባቴ፣ አንድ ነገር አለብኝ» አለች። «ያን ቀን እግዚአብሔር ቤት የተበላሸ ዳቦ አመጣሁ። እርሾውን በንጹሕ ዕቃ ነበር ያደረግሁት፤ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምን ኃጢአት ቢያይብኝ ነው እላለሁ። ይፍቱኝ።»

አምናኝ ነበር! እነዚያን ዓመታት ሁሉ አምናኝ ኖራለች።

የንስሐ ምስጢር እንደማይወጣ አውቃለሁ። ይህ ግን የእሷ ኃጢአት አልነበረም፤ የማወጣው የራሴን ነው። እዚያው መናገር እችል ነበር። ዳቦሽ ደህና ነበር፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ምን አደረግሁ? መስቀሌን ግንባሯ ላይ አሳርፌ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አልኳት። በእኔ ኃጢአት እሷን ፈታኋት! እጄን ሳመችና ዓይኗን ጨፈነች። ሳምንት ሳይሞላ ዐረፈች።

ለአርባዋ ልጇ «እናቴ በወደደችው ደብር ይሁን» ብላ ዳቦ ጋግራ ሰንበቴያችን መጣች። እናቷ ከዚያ ዘመን ወዲህ ለሰው የሚቀርብ ዳቦ ጋግራ እንደማታውቅ፣ ለባሏ ተዝካር እንኳ ከዳቦ ቤት እንዳስገዛች ያን ዕለት ነገረችኝ። ዳቦውን ቆረስኩና የማንንም ፊት ሳላይ አስቀድሜ እኔ ጎረስኩ። ከዚያ አደልኩ። ሰዉ ተቀበለ። የማን ልጅ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። አያ ጥላሁን እንኳ፣ አርጅተው ዓይናቸው ደክሞ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀብለው በሉ። ያን ጊዜስ አስቀድሜ ጎርሼ ቢሆን ኖሮ? አንዳንዱ ይቀር ነበር ይሆናል። ቢቀርስ?

ወጣት ነበርኩ አልልም። ሽማግሌው ገፋፉኝ አልልም፤ አያ ጥላሁን ዋሽ አላሉኝም። ውሸቱን ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንዴ የዋሸሁት በሰው ፊት ነው፤ ሁለተኛውን ግን የዋሸሁት ሞት አፋፍ ላይ ባለች ሴት ፊት፣ በዝምታ ነው። የቱ እንደሚከፋ እናንተ ፍረዱ።

ልጇ ስትሰናበተኝ «እናቴ እርስዎን በጣም ታከብር ነበር» አለችኝ። እኔም አመስግኜ ሸኘኋት። አሁን እውነቱን ለልጇ ልነግራት መሐል ሜዳ ልሄድ ተነሥቻለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ በሩን ብትዘጋብኝም ፍርዷ ነው። እናንተ ግን እሷ ሳትሰማ «ይፍታህ» አትበሉኝ።