ኸይረዲን የሰሰተው ደም

በርበሬ ተራ ውስጥ ኸይረዲንን የማያውቅ ነጋዴ ቢገኝ ትናንት ሱቅ የከፈተ መሆን አለበት። ድፍን ኩንታል ጀርባው ላይ ጭኖ፣ ጠባቧን መተላለፊያ «ሳይድ! ሳይድ!» እያለ ሲሰነጥቃት ሴቶቹ ቁናቸውን ሰብስበው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሲያደንቁት «ጉልበት የአላህ ነው» ይላል እንጂ፣ በልቡ ግን ከጉልበቱ ሌላ የሚተማመንበት አልነበረውም። ቢተማመንስ ምን ይፈረድበታል? ሌላ ምን ነበረው?

ከስልጤ አገር ወደ አዲስ አበባ ያመጣችው ታላቅ እህቱ ሰዓደት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሕፃን፣ እሷም ያልጠናች ልጅ ነበረች። በርበሬ እየቀነጠሰች፣ ዓይኗ እያነባ፣ ከአፏ እየነጠቀች አሳደገችው። በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «እቴቴ» ነበር የሚላት። አግብታ ብዙ ዓመት ልጅ እምቢ ብሏት ቆይቶ በመጨረሻ ስታረግዝ ጎረቤቱ ሁሉ ዱዓ አደረገላት። ጊዜው ግን የደርግ ነበርና፣ ባሏን ጃፋርን ቀበሌው ለዘመቻ መልምሎ ወደ ሰሜን ግንባር ሰዶታል። ስለዚህ ምጧ የመጣ ቀን በታክሲ ደግፎ ሐኪም ቤት ያደረሳት ኸይረዲን ነው።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ነርሷ ወጥታ ዘመዷ ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ጣቱን ወግተው መረመሩት።

«ደምህ ከእሷ ጋር ይስማማል» አለችው። «እኛ ጋ የነበረው ሁሉ ለግንባር ቁስለኞች ሄዷል። ቶሎ ግባና ስጣት።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ፈለቀ የሚባሉ፣ በዕድሜም በወሬም የሚበልጣቸው የሌለ ተሸካሚ ነበሩ። «ደም እንደ ጥርስ ነው፤ ካደጉ በኋላ አንዴ ከወጣ አይተካም» ይሉ ነበር ሁልጊዜ። ደሙን የሰጠ ሰው ኩንታል ቀርቶ ዘንቢል አያነሳም አሉ። ኸይረዲን ይህን ሲሰማ ነው ያደገው። እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሞ ራሱን አንዋር መስጊድ በር ላይ እጁን ዘርግቶ አየው። ሚስቱን ጀሚላንና ጡት ያልጣለውን ልጁን አጠገቡ አያቸው።

«እሺ» አላት ነርሷን። «ግን ባዶ ሆዴን ነኝ። እህል ቢጤ ቀምሼ ልምጣ።»

«እንዳትቆይ!»

«አሁን መጣሁ።»

እግሩ ግን ምግብ ቤት አልገባም፤ ወደ በርበሬ ተራ ይዞት ሄደ። ከጓደኞቼ አንዱ በእኔ ፈንታ ይሰጥልኝ ይሆናል ብሎ ነው። አንዱ «ሚስቴን ላማክር» አለው። ሌላው ጆንያውን አንስቶ ሄደ። አይፈረድባቸውም፤ እህታቸው አይደለችም። በመጨረሻ እፍረቱ ከፍርሃቱ በለጠና እየሮጠ ተመለሰ። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ እያለከለከ፣ «ይኸው፣ ቅጂው!» አለ።

ነርሷ ክንዱን አላየችውም። «ሕፃኗን አንተ ነህ የምትወስዳት?» አለችው ዝግ ብላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ሰዓደት ኮልፌ ተቀበረች። ሕፃኗን ራህማ አሏትና ጀሚላ ከራሷ ልጅ ጋር ታጠባት ጀመር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «የአላህ ውሳኔ ነው» ሲለው ኸይረዲን ራሱን ይነቀንቃል። ጀርባው ላይ ሸክም ባረፈ ቁጥር ግን፣ ጉልበቱ ሳይከዳው ሲቀር፣ ይሸማቀቃል። ይኼ ብርታት የእሷ ነው፣ ከእሷ ነጥቄ ያስቀረሁት ነው ይላል። ሌሎች በድካማቸው ሲያዝኑ እሱ በጤንነቱ አዘነ።

ዓመቱ በዞረ በሳምንቱ ቆረጠ። ደሙን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ ጉልበቱን ሊያጣ፣ እንዲህ አድርጎ ራሱን ሊቀጣ አሰበ። «ከእንግዲህ እንደ ድሮው አልሠራም፤ ቻይኝ» አላት ጀሚላን፤ ምክንያቱን አልነገራትም። የተሸካሚ ገመዱን ለጓደኞቹ አስረከበ። ሐኪም ቤት ሄዶ ተጋደመና ጠርሙሱ ሲሞላ እያየ አለቀሰ። ዕንባው ከደሙ ጋር አብሮ የወጣለት መሰለውና ቀለል አለው።

ያን ቀን ትንሽ አዞረው፤ ደስ አለው። በሳምንቱ ግን አንድ ነጋዴ ለመነውና ጆንያውን ቢያነሳው፣ ጆንያው እንደ ወትሮው ተነሳ! በንዴት ወደ ሐኪም ቤት ገሰገሰ።

ደሙን የቀዳችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ባይነሽ ትባላለች፤ ደግና ሳቂታ ሴት ናት።

«እትዬ ባይነሽ፣ ምንም አልሆንኩም እኮ!» አላት።

«ታዲያ ምን ልትሆን ፈልገህ ነው?» ብላ ሳቀች። ጋሽ ፈለቀ የሚሉትን ሲነግራት ግን ሳቋን ተወችና አስቀመጠችው። ጣቱን ወግታ ጠብታዋን መስታወት ላይ ቀባች፤ ቀለም አስነክታ አጉሊ መነጽሩ ሥር አኖረችለት።

«ሰውነትህ በሙሉ ከእንደዚህ ዓይነት ሕዋሳት የተሠራ ነው» አለችው። «እያንዳንዷ ሕይወት አላት። ምግቧን ትወስዳለች፣ ቆሻሻዋን ታወጣለች። ዙሪያዋን ስስ ሽፋን አላት፤ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጥላት እሱ ነው። ያቺ መሐሏ ሐምራዊ የሆነችው ታየችህ? ነጭ የደም ሕዋስ ናት፤ በሽታ ትከላከላለች። ሐምራዊው አስኳሏ ነው። የምትሠራበትም የምትጠገንበትም ትእዛዝ ያለው እሱ ውስጥ ነው።»

«ቀዮቹ ግን የላቸውም።»

«ጎበዝ! ገና ሲፈጠሩ ነበራቸው፤ ለሥራ ሲወጡ ይጥሉታል። ሥራቸው ከሳንባ አየር ተሸክመው ለሌሎቹ ማድረስ ስለሆነ ቦታ ይፈልጋሉ።»

«ኩሊ ናቸዋ» አለ ኸይረዲን፤ ዓይኑን ከመነጽሩ አላነሳም።

«ኩሊ ናቸው። አስኳል ስለሌላቸው ግን ሲጎዱ ራሳቸውን አይጠግኑም። አራት ወር ገደማ ይሸከሙና አርጅተው ይሞታሉ። የአጥንትህ መቅኒ ደግሞ በየቀኑ ሌሎች ይሠራል። የሰጠኸንንም እየተካልህ ነው።»

 ኸይረዲን በቀስታ ጠየቃት፤ «አምና ልሰጥ ፈርቼ ያስቀረሁት ደም ነበር። እሱስ? እሱ አለ?»

ባይነሽ ጥያቄው የዋህነት መሰላትና ፈገግ አለች። «የአምናው? እሱማ ካለቀ ቆየ፣ ወንድሜ። ብትሰጠውም ባትሰጠውም ጊዜው ሲደርስ መሞቱ አይቀርም ነበር። ከዚያ ቀን ደምህ ጠብታ አልቀረም።»

ኸይረዲን ቀና አለ።

«ታዲያ ለምኑ ብዬ ነው እቴቴን የከለከልኳት?»

ባይነሽ እቴቴ ማን እንደሆነች ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።