ዝቅ ያለ መስኮት ያለው ቤት

በዚያ ሰፈር ጉዳይ ሲኖረኝ ባለ ባጃጁን በላይኛው መንገድ አዙር እለዋለሁ። ይረዝማል፣ ሒሳብም ይጨምርብኛል፤ ግን ያን ቤት ከማየት ይሻለኛል። ቤት ሻጭ ደላላ ቤት ፈርቶ መንገድ ሲያዞር የሚያውቁኝ ሰዎች ቢያዩኝ ይስቁብኛል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ የሚከራይ ሰው አንድ ቀን በእኔ ደጅ ማለፉ አይቀርም። እኔ ግን ከሚስቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከሰው ግቢ ተከራይቼ ነው የምኖር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? ቀን ቀን ለሰው «ይኼ ሳሎን ነው፣ ይኼ ደግሞ ለልጆች ይሆናል» ስል እውላለሁ፤ ሲመሽ የራሴን ልጆች «ዝም በሉ፣ የቤቱ ባለቤት ይሰማሉ» እላለሁ። ሚስቴ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ችግኝ እንኳ ተክላ አታውቅም። ለምን ብላት «ለማን ትቼው ልሄድ?» አለችኝ። ስድስት ጊዜ ቤት ቀይረናል።

ደላላ ቤት አይወድም። ሐኪም ደም አይቶ እንደማይደነግጥ፣ እኛም ቤት አይተን አንደነግጥም፤ ካርታውን፣ አጥሩን፣ የመንገዱን ስፋት አይተን እንወጣለን። እኔም እንዲሁ ነበርሁ።

ካቻምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት እናት ደወሉልኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅም የላቸውም። ስሄድ በረንዳቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝና ሳልቀመጥ ነገሩኝ።

«ልመነኩስ ነው፣ ልጄ። ገዳሙ ገደል ሥር ነው፤ መኪና ከላይ ጥሎህ ይመለሳል፣ የቀረው በእግር ነው። ጉልበቴ ሳይከዳኝ በገዛ እግሬ ወርጄ ልገባ እፈልጋለሁ። ቶሎ ሽጥልኝ።»

«ቶሎ ነው የምሸጥልዎት እናቴ» አልሁ። ይኼን ለሁሉም እለዋለሁ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ያረጀ ቆርቆሮ። ጓሮው ውስጥ ሁለት የኮክ ዛፎችና ጥቂት ጌሾ አለ። ባለቤታቸው አናጢ ስለነበሩ መስኮቱን ከሌላው ቤት ሁሉ ዝቅ አድርገው ነው የሠሩት፤ መደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይነሣ ደጁን እንዲያይ። ተቀመጥሁ። ጎረቤት ልብስ ስታሰጣ አየሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማሳው፣ ከማሳው ወዲያ ደመና የለበሰው የጮቄ ተራራ። በሰው ቤት ስገባ ሁልጊዜ ለመነሣት እንደተዘጋጀሁ ነው የምቀመጠው። ያን ቀን ግን ሰውነቴ ልቅቅ አለ። ልጆቼ እዚያ በረንዳ ላይ ሲንጫጩ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ታየኝ። ቤቱን ወደድሁት። እንዲህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

መግዣ የሚሆነኝ ዕቁቤ የሚወጣልኝ ግንቦት ላይ ነበር። እስከዚያ ይጠብቁኝ ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። ደላላ የሚያሻሽጠውን ቤት ራሱ ገዛው ከተባለ በእኛ ዘንድ ስሙ ይጠፋል፤ ዋጋ ሰብሮ አሮጊት አታለለ ነው የሚባል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልሁ። ዝም ብቻ ብልም ጥሩ ነበር።

ገዥን ለማሸሽ መዋሸት አላስፈለገኝም። በእኛ ሥራ እውነት የሚነገረው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ከተጠየቀ ነው። እኔ ከአጥሩ በር ጀምሬ እናገር ጀመር። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣ። ክረምት ጭቃው መኪና አያስገባም። ጣሪያው መቀየር አለበት። ከአማኑኤል ከተማ የመጣ አንድ አስተማሪ ይኼን ሁሉ ሰምቶም ልቡ አልተመለሰም ነበር። እሱን «መስኮቱ ዝቅ ብሏል፣ ለሌባ ይመቻል» አልሁት። ከዚያ ቤት ሁሉ አብልጬ የወደድሁትን መስኮት! ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ደላላ አይቼ አላውቅም አለኝ።

ሻጭዋ እናታችን ደግሞ ገዥ በሄደ ቁጥር ከበረንዳው ሆነው «አልወደዱትም?» ይሉኛል።

«አልወደዱትም።»

«ይሁን። እግዜር ያለው ይመጣል።»

ኅዳር ላይ የሠራሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሻጩ ተስፋ እንዳይቆርጥ የማይገዛ ሰው ገዥ አስመስሎ ይዞ መሄድ የቆየ ዘዴያችን ነው። እኔ ሚስቴን ይዤ ሄድሁ። «ገዥ ናት» ብዬ አስተዋወቅኋት። ሰበቤ የሻጭዋ ተስፋ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቤቱን እንድታይልኝ ነው። ናፍቆቱን ብቻዬን መሸከም ከበደኝ።

ሚስቴ ሁሉንም እያየች ጓሮ ደረሰች። ከዚያ ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። እኔ ለመሄድ ስነሣ እሷ አልተነሣችም።

«ተቀመጪ፣ ማን ያስቸኩልሻል» አሏት እናታችን፣ አንድ እፍኝ ኮክ እየሰጧት።

ቤታችን ከደረስን በኋላ ኮኩን ለልጆቹ እያካፈለች «እንዲህ ያለውን አታሳየኝ» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በጥምቀት ማግስት ስልኬ ጮኸ። እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃ ላይ ወድቀዋል። ወጌሻ አሽቶ አስሮላቸው ጉልበታቸው ከእጥፍ የበለጠ አብጦ አገኘኋቸው። «እንግዲህ ማንንም አምጣ፣ ከዚህ ወዲያ አልጠብቅም» አሉኝ። በጥቅምት ሸጬላቸው ቢሆን ገደሉን በእግራቸው ወርደው፣ ይኼኔ ከገዳሙ እናቶች ጋር ቆመው ይጸልዩ ነበር። የእኔ ምኞት የእሳቸውን ምኞት በላው። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ከደምበጫ አንድ የእህል ነጋዴ አመጣሁ። ዱሮ እንደማደርገው የቤቱን መልካም መልካሙን ነገርሁት። መደቡ ላይ እንኳ ሳይቀመጥ ግቢውን በእርምጃ ለክቶ ተስማማ፤ መጋዘን ሊያደርገው ነው። ውል የተፈራረምን ቀን የእኔ ሥራ ምስክሮችን መሰብሰብ ነበር፤ ሰበሰብሁ።

ከውልና ማስረጃ ቢሮ ስንወጣ እናታችንን ደግፌ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው። ነገ ገዳሙ ድረስ በበቅሎ የሚያወርዷቸው ሰዎች ተገኝተዋል። እኔ ልመለስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሚስትህ ደህና ናት?»

ሚስት እንዳለኝ ነግሬያቸው አላውቅም። «ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ያመጣሃት ዕለት ስትወጡ ኮትህን ኖራ ነክቶት አራገፈችልህ። ገዥ የደላላ ኮት ታራግፋለች እንዴ?» ሳቁ፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ያን ዕለት እነዚህ ይኑሩበት አልሁ። ገንዘቡም ሲመቻችሁ ይመጣ ነበር፤ ገዳም ለምገባ ለእኔ ምኔ ነው? ይጠይቀኛል ብዬ እስክወድቅ ድረስ ጠበቅሁህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ እናቴ?»

«አፍህ እንጀራህ አይደል? ለሰው ሁሉ ስትናገር ትውላለህ። ለራስህ የምትናገረው አንድ ቃል ታጣለህ ብዬ መች አሰብሁ።»

እጄን ሳሙት። ባጃጁ ሄደ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ልብስ ታጥብ ነበር። ቀና ብላ «ተሸጠ?» አለችኝ።

«ተሸጠ» አልኋት።

የቀረውን እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።