አራት ቀን ያሉት ጎረቤቶች

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ታጠናለች ሲባል ሰፈሩ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጆሮ ጠቢ ሆናለች። እንዴት አይጠርጥሩ? ወንዙ ከቀለም ፋብሪካው ሥር አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ሲወርድ ዘመናት አልፈዋል፤ ስለ እሱ የጠየቃቸው ሰው የለም። አሁን ግን እዚሁ ደጃፋቸው ላይ አፈር ፈጭታ ያደገች ልጅ ወረቀት ይዛ በር ታንኳኳለች። «ወንዙ ንጹሕ እንዲሆን በወር ስንት ቀን ጉልበትዎን ይሰጣሉ?» ትላለች። ሳይጠየቅ የኖረ ሰው ድንገት ሲጠየቅ፣ መልሱን ከማሰቡ በፊት የላኪውን ፊት ይፈልጋል።

«ማን ላከሽ?» አላት ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ።

«ማንም አልላከኝም ጋሼ። የመመረቂያ ጽሑፌ ነው።»

«እኔ ስንት ቀን ብልሽ ነው ነገ አካፋ አሸክመው የሚወስዱኝ?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሷም እየሳቀች ወጣች፤ ግን ከየቤቱ የምትመለሰው ባዶ ወረቀት ይዛ ነበር። የማስረከቢያው ጊዜ ደርሷል። መልስ ካላገኘች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ይህንኑ እራት ላይ ለአባቷ አማረረች። አባቷ የዚያው ፋብሪካ በር ጠባቂ ነው። አላምጦ እስኪውጥ ጠበቀና፣ «ይነግሩሻል» አላት።

በማግስቱ የሰፈሩ አፍ ተከፈተ። ልብስ ሰፊው ራሱ ከመንገድ ጠርቶ፣ «አራት ቀን ብለሽ ጻፊ» አላት። ዳቦ ጋጋሪዋ አራት አለች። ጡረተኛው ሹፌርም፣ «አራት፣ ያውም በደስታ!» አለ። ልጅቷ እግሯ መሬት አልነካ አለ፤ ጥግ ላይ ካለው ቤት እስክትደርስ ድረስ። እዚያ ያሉት አሮጊት ወገባቸው ተጎድቶ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ቆይተዋል።

«አራት ቀን እቆፍራለሁ ልጄ» አሏት፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው።

«እትዬ፣ እንዴት አድርገው?»

«እኔ ምን አውቄ! አራት በይ ተባልኩ፣ አልኩ።» ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ተይኝ እስቲ፣ ደክሞኛል።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጅቷ ክፍል ውስጥ የተማረችው ነገር መጣባት። መልስ ሲጣመም፣ መጣመሙ ማንን እንደሚጠቅም ጠይቁ ይላቸው ነበር መምህራቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር የሚናገርበትን ጥናት ማን ያምነዋል? አንባቢ ስቆ ይጥለዋል። ሲጣል ደግሞ የሚጠቀመው ፋብሪካው ነው። ታዲያ በዚህ ሰፈር የእያንዳንዱን ቤት በር የሚያውቅ የፋብሪካው ሰው ማን ነው? ሐሳቡን ገፋችው፤ ተመልሶ መጣ። አባቷ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት የማያውቅ ሰው፣ ሰሞኑን «ስንት ቤት ቀረሽ?» ማለት አብዝቷል። ከልብስ ሰፊው ጋር ሲንሾካሾክ አግኝታው ስትቀርብ ወሬያቸው ወደ ዝናብ ዞሯል። ከዚያ ወዲህ ወረቀቶቿን ጠረጴዛ ላይ መተው አቆመች፤ ፍራሿ ሥር ትደብቃቸው ጀመር። በገዛ ቤቷ ሌባ የምትጠብቅ ሆነች።

ከሁሉ የከፋው የጽሑፏ አማካሪ መምህር መደሰቱ ነው። «ግሩም ነው፣ እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም፤ አስረክቢው!» አላት።

ማስረከብ ትችል ነበር። እሷ ግን በምሳ ሰዓት ወደ ፋብሪካው በር ሄደች። አባቷ ከጥበቃ ቤቱ ወጣ።

«አባባ፣ ማን አዞህ ነው? ፋብሪካው ነው?»

«ምኑን?»

«አራቱን!»

አባትየው ኮፍያውን አውልቆ አገላበጠው። «ማንም አላዘዘኝ። ልጄ ፈተና ላይ ናት፣ ዝቅ ያለ ከመለሳችሁላት ዝቅ ያለ ነጥብ ታመጣለች አልኳቸው። ስንት እንበል አሉኝ። አምስት ልል ነበር፤ እንዳይነቃብን ብዬ አራት አልኩ።»

ልጅቷ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት። ሰው ሲፈራ እንደሚዋሽ ተምራለች። ሰውን ሲወድም እንደሚዋሽ የነገራት መምህር አልነበረም። ቀስ ብላ አስረዳችው፤ ነጥቡ የእሷ እንዳልሆነ፣ መልሱ ከፍ ሲል ሰፈሩ ወንዙን ምን ያህል እንደሚፈልገው እንደሚያሳይ፣ ነገ አንድ ባለሥልጣን አንብቦት የፋብሪካውን ቱቦ ሊያይ ሊመጣ እንደሚችል።

አባትየው ዞር ብሎ የጭስ ማውጫውን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀቱን እስካሁን ማን አይቶታል?»

«መምህሬ ብቻ።»

«የማን ወገን ነው እሱ?»

ልጅቷ የሰፈሯን መልስ በሙሉ ጣለችው። አማካሪዋ ፊቱን አጨፍግጎ፣ እንግዲህ ምርቃቱ ለሚቀጥለው ዓመት ነው አላት። እሺ ብላ ድልድዩን ተሻገረች፤ እዚያ እሷንም አባቷንም የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው በር በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተና የአንዲት ሴት ግማሽ ፊት ታየ።

«ማን ላከሽ?»

የልጅቷ ልብ መለስ አለ። «ማንም» አለች፤ ጥያቄዋንም ጠየቀች።

«ዜሮ። ጨረስን?» በሩ ተዘጋ።

እዚያው ቆማ በጥንቃቄ ዜሮ ጻፈችና ወደሚቀጥለው በር ሄደች።

ማታ አባቷ ደጅ ላይ ጠበቃት። «ስንት አሉሽ?»

«አልነግርህም አባባ።»

«እኔ እኮ አባትሽ ነኝ!»

«ለዚያ ነው» አለችውና ገባች። ወረቀቱን ከፍራሿ ሥር ሸጎጠችው፤ ጥቂት አሰበችና አውጥታ ትራሷ ሥር አደረገችው።