የማልጠራው ስም ጆሃንስበርግ ድረስ ተከተለኝ

ከዱራሜ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ፣ ልጄ ሜሮን እንቅልፍ ላይ እያለች ነው። ቀስቅሼ ልሰናበታት ብዬ ነበር፤ የባሌ አባት ግን በሩ ላይ ቆመው «ተያት፣ ካየችሽ አትለቅሽም» አሉኝ። እኔም እንደ ምራት ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ «እሺ አባባ» አልኩ። ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸክመው ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ። ሆሳዕና መናኸሪያ ስደርስ አንዲት ሴት ልጇን ቆጮ ስታጎርስ አየሁ። የአራት ዓመት ልጅ ትቶ መሄድ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በእኛ አገር ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወንዱ ነው። ባሌ ታምራትም ከሦስት ዓመት በፊት በሞያሌ በኩል፣ በእግርና በጭነት መኪና ሄዷል። መንገዱን እንዴት እንዳለፈው እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገረኝም። እኔ ግን ሆሳዕና ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ የተፈተንኩት ፈተና የፕሮግራመርነት ሥራ አስገኘልኝና በአውሮፕላን ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ «እሷማ ተገላገለች» አለ። ምኑን ተገላገልኩት? ልቤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቦታው የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከምባታ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ትስቁ ይሆናል። እኛ ጋ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙ ብቻ ሳይሆን በዚያው ፊደል የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። ባሊሻ ይባላል። የአማቴ ስም የሚጀምርባትን ፊደል እዚህም ልጽፋት እፈራለሁ፤ የ«ደ» ራብዕ ናት። ተምረናል ያሉ ሴቶች ትተውታል። እኔ ግን ልጄን የሚያሳድጉልኝን ሰው በሌላ በምን ላክብራቸው? ታምራት እዚህ ጆሃንስበርግ በከፈተው ሱቅ ውስጥ እንኳ «ያንን ከስንዴ የሚጋገረውን አቀብለኝ» ነው የምለው። እሱ ይስቅብኛል። «እዚህ ማን ይሰማሻል?» ይለኛል።

የመጀመሪያው ጣጣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ገጠመኝ። ታምራት በኔ የሥራ ፈቃድ መኖሪያ እንዲሰጠው አመልክተን ነበር። ጉዳያችንን የያዘው ሰውዬ እኔን ለብቻዬ አስገባኝ።

«ባልሽ ማን ይባላል?»

«ታምራት።»

«ታምራት ማን?»

የእኛ ሰው ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ነው። «ፓስፖርቱ ላይ አለ» አልኩ።

«ያገባሽው ፓስፖርቱን ነው?»

«ስሙን አውቀዋለሁ። መጥራት ነው የማልችለው።»

«ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«ሁለት።»

«በሁለት ዓመት ስሙን አልነገረሽም?» አለና ፋይሉ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ምን እንደጻፈ አላየሁም። የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፦ የሦስት ወር ሙከራዬን ጨርሼ ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ካላመጣሁ የሁለታችንም ወረቀት ይሰረዛል። ያ ማለት ታምራት ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ደከመ፣ ሜሮንን እናስመጣለን ያልነውም ቀረ ማለት ነው። ማታ ታምራት ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ሠርቶ አቀረበልኝ። ሳልነካው ሰሃኑን ገፋሁት።

መሥሪያ ቤቴ ዕቃ በመኪና የሚያመላልስ ነው። መረጃው ያለበት ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩ፣ ምን እንደሚልክ፣ የቱ ቁጥር የቱ ጽሑፍ እንደሆነ፣ እንደ ውል ተጽፎ ተቀምጧል። ከውሉ ላይ ሰርቨሩን መረጃ የሚጠይቅ፣ ክላየንት የሚባል ኮድ ይወጣል። የኔ ሥራ ይህን ክላየንት ሠራተኛው በሚከፍታቸው ድረ ገጾች ላይ መረጃ ከሚያመጣው መሣሪያ ጋር ማገናኘት ነበር። ቁጥር በተባለበት ቦታ ጽሑፍ ብታስገቡ ገና ስትጽፉ ኮምፒዩተሩ በቀይ ያሰምርባችኋል። ወደድኩት። እንደኔ ላለ ፈሪ የተሠራ ነው፤ አማት ሳትሳሳቺ ቀድመው በሳል እንደሚያስጠነቅቁሽ ማለት ነው።

ችግሩ፣ ያ መሣሪያ ያመጣውን መረጃ የሚያስረክበው በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ቃሉም በዚያችው ፊደል ይጀምራል። ልጽፈው ስል ጣቴ እምቢ አለ። ስለዚህ በሁሉም ገጽ ላይ «ሪፕላይ» ብዬ ለወጥኩት። ቀዩ መስመር የቀረውን አንድ በአንድ እያሳየኝ አስተካከልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ የቆየ ገጽ ግን ነበር፤ ሾፌሮቹ ጭነታቸውን የሚያዩበት። ከኔ በፊት የነበረው ሰው እዚያ ላይ «ኤኒ» ብሎበታል፤ ምንም ይምጣ፣ አትጠይቀው እንደማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ቀይ አልታየኝም፤ የድሮው ቃል ሳይቀየር ቀረ። ጠዋት ገጹ ባዶ ሆኖ ተከፈተ፤ ሾፌሮቹም ሞተር አስነስተው በር ላይ ቆመው ቀሩ።

አለቃዬ ታንዲ ጠራችኝ። ቆፍጣና ሴት ናት።

«ስሙን ለምን ለወጥሽው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም።

«እኛም ጋ አለ። ህሎኒፓ እንለዋለን» አለች። «አያቴ የአማቷን ስም ሳትጠራ ሞተች።»

ተመስገን ልል ስል ቀጠለች።

«አያቴ ግን ኮድ አልጻፈችም። ዛሬውኑ ሁሉንም ወደነበረበት መልሺ። ሐሙስ ለሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አንቺ ታስረጃለሽ፣ ያን ቃል በስሙ እየጠራሽ። ደብዳቤሽን ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ።»

ሐሙስ ሰው ሁሉ ፊት ቆምኩ። «ዳታ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ታንዲ «አልሰማንም» አለች፤ ደገምኩት። ሦስተኛው ቀለለኝ። ስጨርስ ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም ነበር፤ ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ደብዳቤው ተፈረመ። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬም ማኅተሙን መታ። የማንንም ስም አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ዱራሜ ደወልኩ። ሜሮን «እማ፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አለችኝ። ልመልስላት ስል አማቴ ስልኩን ተቀበሏት።

«ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ደስ ብሎኛል። «ከሰርቨር ዳታ ማምጣት ነው አባባ፣ ገጹ ላይ...» አልኩና ቃሉን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው።

ከበስተኋላቸው የሜሮን ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። «አባባ?» አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ።

ታምራት «ኔትወርክ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰሞኑን አገር ቤት ስልኩ ይመጣል ይሄዳል። ደግሜ ደወልኩ። በቀረጻ የምትናገረዋ ሴትዮ ደንበኛው ከአገልግሎት ክልል ውጪ ናቸው አለችኝ፣ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። ለሜሮን ገና አልመለስኩላትም። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ መልሼ ልደውል እላለሁ፣ ቢያነሱት ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም።