ኢሳይያስ ሲነፉ የሚከፈቱ በሮች

ቦንጋ ከተማ ዳር፣ መንገዱ አልቆ ጫካው በሚጀምርበት ጸጥተኛ ሰፈር፣ ጋሽ ኢሳይያስ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዕድር ጡሩምባ ነፍተዋል። ሰው ሲሞት በማለዳ ይነሳሉ፤ በየአጥሩ ሥር ቆመው ይነፋሉ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በካፊኖኖ ይናገራሉ። ጡሩምባ የሰማ ሰው በሩን ከፍቶ «ማን ነው?» ማለት የሰፈሩ ወግ ነው። አለመክፈት ሟቹን እንደ መናቅ ይቆጠራል።

ሚስት አላገቡም። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ ከኋላዋ አራት እግር እንሰት አለ። ቀን ቀን ልጆች ሲያዩዋቸው መንገድ ይለውጣሉ። ትልልቆቹም ሰላምታ አሳጥረው ያልፋሉ፣ እግራቸው ሞት የሚያመጣ ይመስል። ስለዚህ ለእርሳቸው የሰው ፊት ማለት በማለዳ በር ላይ የሚያዩት ፊት ነበር፤ ያልታጠበ፣ ብርድ ልብስ የደረበ፣ የደነገጠ ፊት። በዚያች ቅጽበት ግን ሁሉም የሚያየው እርሳቸውን ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚወዱት የእትዬ በዛወርቅን በር ነው። እትዬ በዛወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ማር ሻጭ ናቸው።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘህብኝ መጣህ?» ይላሉ በሩን እየከፈቱ።

«አይዞሽ፣ ያንቺ ተራ ገና ነው።»

«የእኔ ቀን ብቻ ድምፅህን አሳምር። እንደ ጉንፋናም እንዳትለፍፈኝ!»

ባለፈው ክረምት አሰለፈች የተባሉ ጡረተኛ መምህርት በገዛ ነጠላቸው ታንቀው ቤታቸው ውስጥ ተገኙ። በአምስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ አብርሆት በዚያው መንገድ ተገድላ ተገኘች። ሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። በራቸው አልተሰበረም፤ ከውስጥ ነው የተከፈተው። የጠፋ ዕቃም የለም። ጋሽ ኢሳይያስ የሁለቱንም ሞት ዞረው ለፈፉ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ፈለቀ እንደ ወትሮው ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ደረደረ፣ ለለቀስተኛው ውሃ አዞረ።

ፖሊስ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ጎህ ሳይቀድ ለማን ትከፍታለች? መልሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የአብርሆት ጎረቤትም በዚያ ማለዳ ጡሩምባ ሰምታ ነበር። «የእኔ ቤት እስኪደርስ ብጠብቅ ብጠብቅ ሳይመጣ ቀረ» አለች። ጋሽ ኢሳይያስ ታሰሩ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ለመርማሪው። «አልጋዬ ላይ ሆኜ። የሌላ ሰፈር ዕድር መስሎኝ ተውኩት። አሁን ሳስበው ግን ድምፁ የአሮጌው ጡሩምባችን ነው፤ አፉ የተሰነጠቀው። አዲሱ ሲገዛ ለዕቃ ቤት ያስረከብኩት እኔ ነኝ።»

«ጡሩምባ በድምፁ እለያለሁ ነው የሚሉኝ?»

«አንተስ ልጅህን በሳሉ አትለይም?»

መርማሪው ሳቀ። ቢሆንም ሰው ልኮ ዕቃ ቤቱን አስከፈተ። አሮጌው ጡሩምባ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ፈለቀ ጋ ነው፤ ፈለቀን ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ሬሳ ሲነሳ ትከሻውን ቀድሞ የሚያቀርብ ሰው ነው። ጋሽ ኢሳይያስ በአራተኛው ቀን ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቁ።

እሁድ ዕለት ዕድሩ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት እያዩ፣ ነገሩ እስኪጣራ ማንም ጡሩምባ ሰምቶ በር እንዳይከፍት አሳሰቡ። ጋሽ ኢሳይያስ ከኋላ፣ ግራና ቀኙ ባዶ በሆነ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

እትዬ በዛወርቅ ብድግ አሉ። «እኔ ለኢሳይያስ እከፍታለሁ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፍቻለሁ፣ ነገም እከፍታለሁ!»

«እንግዲያው ድንኳኑን ከአሁኑ እንትከልልዎታ!» አለ አንዱ። ተሳቀ።

ፈለቀ አልሳቀም። እትዬ በዛወርቅን ትኩር ብሎ ያይ ነበር። ጋሽ ኢሳይያስ ያንን ዓይን አዩ።

ስብሰባው ሲበተን እትዬ በዛወርቅን በዝናብ ተከትለው ሄደው ደጃፋቸው ላይ ደረሱባቸው።

«በዛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጡሩምባ ብትሰሚ እንዳትከፍቺ።»

«ምን ነካህ? አሁን አይደል እንዴ ላንተ ብዬ የተሳቀብኝ?»

«እኔ ነኝ ብልሽም አትክፈቺ። ማይልኝ።»

እትዬ በዛወርቅ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን አዩ። «ታዲያ ሌላ ማን ይከፍትልሃል?»

«ማይልኝ» አሉ ጋሽ ኢሳይያስ ደግመው።

ማሉላቸው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጭጋጉ ከጫካው ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖት ሳለ፣ እትዬ በዛወርቅ አጥር ሥር አንድ የሻከረ ጡሩምባ ቀስ ብሎ ተነፋ። ቀጥሎ በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ኢሳይያስ ነኝ። ይክፈቱ፣ ሰው አርፏል።»

እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ ደርሶ ነበር። መሐላው ያዛቸው። ደግሞም ኢሳይያስ አንድ ቀን «እትዬ» ብሏቸው አያውቅም። ባዶ የማር ቆርቆሮ አንስተው ባለ በሌለ ኃይላቸው ይቀጠቅጡት ጀመር። ጎረቤት ደርሶ ፈለቀን በጓሯቸው እንሰት መሃል ያዘው፤ የተሰነጠቀው ጡሩምባ ዝናብ ልብሱ ሥር ነበር። ለምን እንዳደረገው ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም አልተናገረም።

ሽማግሌዎች ጋሽ ኢሳይያስን ይቅርታ ጠየቁ። እሳቸውም ይቅር አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በታችኛው ሰፈር አንድ አዛውንት አረፉ። ጋሽ ኢሳይያስ ተነሥተው ነፉ። መብራት በራ፣ መጋረጃ ተነቃነቀ፤ በር ግን አልተከፈተም። መርዶው ቀድሞ በስልክ መልእክት ደርሷል። እሳቸው ግን ለተዘጉት በሮች በአማርኛ ተናገሩ፣ በካፊኖኖም ደገሙት።

እትዬ በዛወርቅ ደጃፍ ሲደርሱ ከውስጥ ኮቴ ሰሙ። በሩ ጋ መጥቶ ቆመ።

«ማንን ይዘህብኝ መጣህ?»

ስሙን ነገሯቸው።

«አልከፍትልህም እንግዲህ፣ ምያለሁ።»

መሐላውን አንሥቼልሻለሁ ማለት ይችሉ ነበር። ግን እትዬ በዛወርቅ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ገፍተው ሲያጠብቁት ይሰማቸዋል።

«አውቃለሁ፣ በዛ። አትክፈቺ።»

«ድምፅህን ግን አሳምረሃል።»

ጋሽ ኢሳይያስ ጡሩምባውን በእጅጌያቸው ጠርገው ወደሚቀጥለው አጥር አለፉ።