የአባዬ መኪና ዲናሞ

አባዬ «ይህቺ መኪና መብራቷ ደክሟል» ማለት ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ሰላም አላየም። መኪናዋ አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ እኔ ሳልወለድ ነው የገዛት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ጎረቤላ ድረስ ዕቃ ታደርስና ገብስና ባቄላ ጭና ትመለሳለች። ረዳቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ የምቀመጠው፣ የማስጭነው፣ ከነጋዴው ጋር የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ። «ሴት ረዳት ደግሞ!» ብለው የሚስቁ ነበሩ። አፌን ሲቀምሱት ተዉት።

የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ሰው በአባዬ አይፈርድም። እኩለ ቀን ላይ ከገደሉ ሥር ይነሳና መንገዱን ይውጠዋል፤ ሾፌር የመኪናውን ኮፈን እንኳ አያይም። ስለዚህ አባዬ መጀመሪያ ከፊት ሁለት ቢጫ መብራት ሲያስገጥም ማንም አልገረመውም። ቀጥሎ ጣራዋ ላይ ሁለት ፓውዛ ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሁለት። እናቴ በራፍ ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ ልትጭንባት ነው?» አለችው። ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ዓይንህን ታየው አልኩህ እኮ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ ነገርህ።»

እንደዚያ ቀን ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ዓይኔ ምን ሆነ? ዓይኔ እንደ ንስር ነው! የደከመው ዲናሞው ነው!»

ለምን እንደተቆጣ ሁላችንም እናውቃለን። አባዬ ከመሪው ሌላ ምንም የለውም። እርሻ የለው፣ ንግድ አይሆንለት። ገበያው ሁሉ የሚያውቀው በመኪናው ነው። «መሪ የለቀቅኩ ዕለት ቄስ ጥሩልኝ» ይላል። የደከመው ዓይኑ ከሆነ አለቀለት ማለት ነው፤ ዲናሞው ከሆነ ግን ዲናሞ ይቀየራል። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ ዲናሞው በሆነ ብዬ ስለት ተስያለሁ።

ደግሞ ዲናሞው የእውነት ደክሞ ባትሪውን መሙላት አቅቶት ነበር፤ ያታለለን እሱ ነው። ጉም ውስጥ መብራቱን ሁሉ አብርተን ስናዘግም ባትሪው እየተሟጠጠ ብርሃኑ ቀልቶ ይደበዝዛል። ሞተሩ ከጠፋ አይነሳም። አንድ የገበያ ቀን ሰው ለምነን በግፊ አስነሳናት። አባዬ በጣም አፈረ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድን። ሰውየው በወጣትነቱ የአባዬ ረዳት የነበረ ነው። አሁን እሱም ሸብቷል፤ አባዬ ግን እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የሚለው።

«አንተ ልጅ፣ ትልቁን ዲናሞ ግጠምልኝ። መቶ አምፔር አለ አሉ።»

«መቶ? ምነው ጋሼ፣ ብየዳ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?»

ከዚያ መኪናዋን እየዞረ የግንባሩን መብራት፣ ፓውዛውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሁሉ ደመረ። የድሮው ዲናሞ ሠላሳ አምስት አምፔር ነው፤ ያ ሁሉ ሳይጨመርባት በፊት ይበቃት ነበር። «ላዩ ላይ የተጻፈውም ቁጥር አያታልልዎት» አለው። «ያ ሞተሩ ሲሮጥ ነው። እርስዎ ጉም ውስጥ የሚሄዱት በአንደኛ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ዝግ ሲል ዲናሞው ግማሹንም አይሰጥም። እኔ የምፈልግልዎ በዝግታም ጊዜ የሚያጠግባትን ነው።» መቶውን ብንገጥምማ የሚያዞረው ቺንጋ አይጎትተውም፣ የቆየውም ሽቦ አይችለውም አለ። በዝግታ ጥሩ የሚሰጥ ስድሳ አምፔር መረጠላት። አባዬ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። ሰባ ቢሆንስ? ሰማንያስ? በግ የሚገዛ ይመስል ተከራከረው።

«በትልቁ ብርሃኑ አይጨምርም?» አለ መጨረሻ ላይ።

ኤሌክትሪሺያኑ የሚልጠውን ሽቦ ትቶ ቀና ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ዲናሞ መብራቱ እንዳይደክም ያደርጋል እንጂ ብርሃን አይጨምርም።»

«ግጠም በቃ» አለው አባዬ።

በሌላ ቀን ጠዋት ተገጠመ። መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ኤሌክትሪኩን የሚለካበት ቴስተር ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። «እስኪ መንገድ ላይ እንያት» አለ አባዬ። መብራቱን እንዳበራን በአንኮበር መንገድ ወጣን፤ እሱ መሪ ላይ፣ እኔ መሃል፣ ኤሌክትሪሺያኑ በር በኩል።

ጎረቤላ ከመግባታችን በፊት፣ ከአንድ ኩርባ በስተግራ፣ ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለች። አባዬ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቆቡን አውልቆ ይሳለማል። ልጅ ሆኜ አብሬው ስሄድ ቆቡን የማወልቅለት እኔ ነበርኩ። ቢቸኩልም፣ ቢከፋውም፣ ጭነት ቢከብደውም ሳይሳለማት አልፎ አያውቅም።

«ይኸው፣ ጉሙ መጣ» አለ ወደ ኩርባው ስንቃረብ። «አሁን ነው መፈተን።»

ጉም አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ታች ቆላው ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዞሬ ኤሌክትሪሺያኑን አየሁት፤ እሱም እኔን ያየኛል።

ኩርባው ላይ ደረስን። የቤተ ክርስቲያኗ ቆርቆሮ ፀሐይ መትቶት ዓይን ይወጋል። አባዬ ዝም ብሎ አለፋት። ትንሽ እንደሄድን፣ ባሕር ዛፍ ከበቀለበት ጉብታ አጠገብ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቆቡን አወለቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ባሕር ዛፉን ተሳለመ።

«እመቤቴ፣ በሰላም አግቢን» አለ።

ኤሌክትሪሺያኑ ነው ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኗን እኮ አልፈናታል» ያለው።

አባዬ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። ወደ እኔ ዞረ።

«ጉም የለም እንዴ?»

«የለም አባዬ።»

«መቼ ለቀቀ?»

«ዛሬ ከነጋም አልነበረም።»

ማብሪያዎቹን በእጁ እየዳሰሰ አንድ በአንድ አጠፋቸው። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ኮፈኗን እየተደገፈ ዞሮ መጣና ኤሌክትሪሺያኑን «አንተ ልጅ፣ ንዳ» አለው። ደብረ ብርሃን እስክንገባ ቆቡን ጭኑ ላይ እንደያዘ ተቀመጠ። እኔ መሃላቸው ሆኜ አለቀስኩ፤ አልተደበቅኩምም።

ኋላ ሐኪሞቹ የዓይኑ ነርቭ ነው የተጎዳው፣ የጠፋው አይመለስም አሉን። ያን ቀን ግን ቤት ስንደርስ ይህን ገና የነገረን የለም። እናቴ በራፍ ላይ ቆማ መሪው ላይ ሌላ ሰው አየች፤ ወዲያው ገባት። ግን ሌላ ምን ትበል?

«መብራቷ ተሠራ?» አለችው።

አባዬ ክንዴን ይዞ ወረደ።

«ተሠራች» አላት። «እሷስ ድናለች።»