በካፖርት ላይ የተለካች ሴት

መጋቢት ነበር፤ ወይስ ሚያዝያ? ሐኪሙ መስኮቱን ከፍቶ የመኪና ጥሩምባ ወደ ክፍሉ ይገባ ስለነበር፣ ሞቃት ወር መሆኑ ብቻ አያጠራጥርም። ጓደኞቿ በምላሷ የተነሳ «መርፌ» የሚሏት ልብስ ሰፊ፣ ባሏን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ ሳታንኳኳ ገባች።

ከዓመታት በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት እዚሁ መጥታ ነበር። ይኸው የማህፀን ሐኪም ከማህፀኗ ሽፋን ናሙና ወስዶ አስመረመረና፣ ጽንስን የሚንከባከቡት የመከላከያ ሕዋሳት የሉም ማለት ይቻላል አላት። «ማህፀንሽ ልጅ አይዝም።» በቃ። የባሏ እናት ይህን ቃል ሰፈር ለሰፈር አዳረሱት። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ከወሬው ይልቅ ያንገበገባት ይህ ዝምታ ነው።

ዘንድሮ ወደ አንዲት ሌላ ሐኪም ሄደች። የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ «ያኔ ናሙና ስትሰጪ ምን መድኃኒት ትወስጂ ነበር?» የሚል ሆነ። ትወስድ የነበረው፣ የማህፀኗ ዕጢ የሚያፈስሰውን ደም እንዲያቆምላት የታዘዘ፣ ሆርሞን የሚያግድ ኪኒን ነው። እነዚያ ሕዋሳት የሚበዙት ደግሞ ሆርሞኑ ሲጠራቸው ነው። ኪኒኑ ጥሪውን ሲያፍን ይሳሳሉ፤ ሲቆም ሊመለሱ ይችላሉ። ታዲያ ኪኒን እየዋጠች የተወሰደ ናሙና ስለ ኪኒኑ እንጂ ስለ እሷ ምን ይናገራል?

«አልነገርሽኝም እኮ» አለ ሐኪሙ ይህን ስትነግረው፣ መነጽሩን እያወለቀ።

«ጠየቁኝ? ያዘዙልኝ እኮ እዚህ ጎን ክፍል ያሉት ባልደረባዎ ናቸው! ግድግዳውን ቢያንኳኩ ይሰሙዎት ነበር። እኔ እንኳን ደንበኛ ስለካ፣ መጀመሪያ ካፖርትዎን ያውልቁ እላለሁ። እርስዎ በካፖርት ላይ ለክተውኝ፣ ወፍራም ናት ብለው ፈረዱብኝ!»

ሐኪሙ ላቡን ጠረገ። «ልክ ነሽ።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እሱ ይስማ።» በሩን ከፈተችና ባሏን በእጅጌው ጎትታ አስገባችው። «ይበሉ፣ ይንገሩት።»

ሐኪሙ እየተንተባተበ ነገረው፤ ናሙናው ያለ ጊዜው ተወሰደ፣ ውጤቱ የሚስትህን ማህፀን ጥፋተኛ አያደርግም። ባሏ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ እኮ መቼ ወቀስኩሽ?»

«አልወቀስከኝም። አፍህን ከፍተህ እናትህን ተዪያትም አላልክ።»

«አሁን ኪኒኑን ስለማትወስጂ» አለ ሐኪሙ ነገሩን ለማብረድ፣ «አዲስ ናሙና መውሰድ እንችላለን። ምናልባት ገና...»

ቦርሳዋን አንስታ ወጥታለች። ባሏ ስሟን እየጠራ ተከተላት። ልጅ አሁንም ትሻ እንደሆነ፣ ማታ ወደ ባሏ ቤት ትገባ እንደሆነ ሊጠይቃት ያሰበ ሁሉ ዘገየ፤ ደረጃውን ጨርሳለች።